ሚኪም እናትም ከስልክ ሲወጡ

በሆሳዕና መንገዶች ስትዘዋወሩ ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ የተሳለበት ኬጂ ማየታችሁ አይቀርም። ዱራሜም ብትሄዱ እንዲሁ ነው። ሠዓሊው አንዳንዴ የሚኪን ጆሮ ያሳንሰዋል፣ አንዳንዴም አይጡን ጄሪን ከድመቱ ከቶም ያስበልጠዋል። ልጆቹ ግን አይሳሳቱም። "ውሃ" ብለው በቅጡ መጥራት ሳይችሉ የካርቱኑን ስም ይጠራሉ።

ካርቱንን ከስክሪን አውጥቶ መናፈሻ ማድረግ የቆየ ሥራ ነው። ዋልት ዲዝኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በ2011 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ፔፓ ለምትባለው አሳማ የራሷ ዓለም ተሠራላት። በ2018 አቡዳቢ ላይ የተከፈተው ዋርነር ብሮስ ወርልድ ከነመጫወቻዎቹ ጣሪያ ሥር ያለ ሲሆን፣ ቶምና ጄሪም የራሳቸው ባቡር አላቸው።

አቡዳቢ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ስም አይደለም። ከሀድያና ከከምባታ ወንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቷ ወደ ዐረብ አገር መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ታናሽ እህቴም ከሄዱት አንዷ ናት። የአሠሪዎቿን ልጅ በጋሪ እየገፋች እዚያ መናፈሻ ገብታ ከጄሪ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ላከችልን። የራሷ ልጅ ማሙሽ ከእናቴና ከእኔ ጋር ነው የሚያድገው። አሁን 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ ስትሄድ የ9 ወር ልጅ ነበር። ፎቶውን ሲያይ መጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው ጄሪ ላይ ነው። ቀጥሎ "እማ ስልክ!" አለ። እናቱን የሚጠራት እንደዚያ ነው።

እህቴ "የሰው ልጅ ሳዞር እሱ ነው የሚታየኝ፤ አንድ ቀን ውሰጂልኝ" ብላ ብር ላከች። እኛም በጠዋት ከመናኸሪያ ተነስተን በወራቤና በቡታጅራ አድርገን ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። ዘመድ ቤት አደርን። በማግስቱ ልጁ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ ወደ አንድ የልጆች መጫወቻ ወሰድኩት። በሩ ላይ የሚኪን ልብስ የለበሰ ሰው ቆሟል።

ቤት ውስጥ ሚኪን በስልክ ሲያይ ስክሪኑን የሚስመው ማሙሽ አንገቴ ላይ ተጣብቆ ጮኸ። አጠገባችን የቆሙ እናት "ምነው የኔ ጌታ፣ የምታውቀው አይደለም እንዴ?" አሉት። ልጁ የሚያውቀው ግን መዳፍ የሚያክለውን፣ ሲሰለቹት የሚያጠፉትን ሚኪ ነበር። ይህኛው ከእኔ ይረዝማል፤ ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ እጁን ዘርግቶ ወደ እሱ ይመጣል።

ራቅ ብለን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ዳቦውን በላ። ሚኪ የሆነው ወጣት ሥራውን የሚያውቅ ነበር። አልተከተለንም። ከደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ማሙሽ ከጉልበቴ ወረደ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። በሦስተኛው ሙከራ ደርሶ የሚኪን ጫማ በአንድ ጣቱ ነካና እየሳቀ ሮጦ መጣ። ለባቡሩ ቁመቱ አልደረሰም፤ እሱም አልጠየቀም። ቤት ስንመለስ ለአያቱ የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሚኪ ጫማ!"

ነገሩ የማሙሽ ጠባይ ብቻ አይደለም። ጆርጂን ትሮሴትና ጁዲ ዴሎች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ያወጡት ጥናት አለ። በሌላ ክፍል አሻንጉሊት ሲደበቅ በመስኮት ያዩ የ2 ዓመት ልጆች ሄደው ያገኙታል። ያንኑ ሲደበቅ በቴሌቪዥን ያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማግኘት ያቅታቸዋል። በዚህ ዕድሜ ስክሪን ውስጥ ያለው ነገርና በአካል ያለው ነገር አንድ መሆናቸው ለልጁ ግልጽ አይደለም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሚኪ ብዬ አይደለም። በየሰፈራችን በመስከረም ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ከውጭ የሚመለሱ ወላጆች አሉ። በስልክ "እማ፣ እማ" እያለ ስክሪኑን ሲስም የከረመው ልጅ በሩ ላይ ሲያያት አያቱ ቀሚስ ሥር ይገባል። ጎረቤቱ "ረሳሽ"፣ "ጠላሽ" ይላል። እናትየዋ ለዓመታት የቋጠረችው እንባ ይፈስሳል። ልጁ ግን አልረሳትም፤ አልጠላትምም። መዳፍ የምታክለው እናቱ ድንገት ገዝፋ፣ ሽታ አውጥታ፣ እጇን ዘርግታ መጥታበት ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ካርቱን ልታሳዩ ስትወስዱም ሆነ ከሩቅ የመጣ ወላጅ ስትቀበሉ ደንቡ አንድ ነው። ትልቁ ሰው ቁጭ ይበል። እጁን አይዘርጋ። ልጁ ከሚያምነው ሰው ጉልበት ላይ ሆኖ እስኪጠግብ ይይ። "ሳማት፣ ጨብጠው" ብሎ መግፋት ይቅር። መንካት ከፈለገ ከጫማም ቢጀምር ችግር የለም።

ከመምጣታቸው በፊትም የሚሠራ ሥራ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ የቪዲዮ ጥሪን ግን ለይቶ ይፈቅዳል። ያቺው ትሮሴት ከባልደረቦቿ ጋር በ2006 ባወጣችው ሌላ ጥናት፣ ስክሪን ላይ ያለችው ሰው ስማቸውን እየጠራች፣ ለሚሉት እየመለሰች 5 ደቂቃ ካጫወተቻቸው በኋላ የ2 ዓመት ልጆች በስክሪን የነገረቻቸውን ተከትለው የተደበቀውን አግኝተዋል። ስልኩን ልጁ ፊት ደግኖ "እማን ሰላም በላት" ማለት ብቻ አይበቃም። እናት ትጠይቀው፤ ሲመልስ ትስማው፤ ኳሱን ሲያሳያት ስለ ኳሱ ታውራው።

እኛም ቤት አሁን በየምሽቱ ይኸው ነው። ማሙሽ ጫማውን ያሳያታል፤ እሷም የራሷን አንስታ ታሳየዋለች። የ2 ዓመት ኮንትራቷ ሲያልቅ ለያሆዴ ትመጣለች። ያን ቀን ዘመድና ጎረቤት ቤቱን ይሞላዋል። ለእናቴ ካሁኑ ነግሬያታለሁ፤ ልጁ ራሱ ከጉልበቷ ላይ እስኪወርድ ድረስ ማንም "ሂድ ሳማት" አይለውም።