ሽቦው ይነሳ ለምትሉ



ወጣቶቻችን ባለ ቀለም የስልክ ሽቦ ቁርጥራጭ አጣመው የሠሩት ቅርጽ በማኅበሩ በር ላይ ከቆመ ወዲህ፣ «ምንም የማይመስል ነገር ነው፤ ለቆራሌው ይሸጥ» የሚል ጉርምርምታ በዝቷል።

እኛ በዚህ አንስማማም። ለመሆኑ የተሠራ ነገር ሁሉ የግድ ሰው ወይም አንበሳ መምሰል አለበት ያለው ማነው? የእናቶቻችን መሶብ ላይ ያለው ስፌት ምን ይመስላል? የቀሚሳቸው ጥለትስ? ቀለሙና አወራረዱ ስላማረን እንጂ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። ታዲያ ሽቦ ሲሆን ምን አዲስ ነገር መጣ?

ሥራው በውጭም የተከበረ ነው። ምሕንድስና የተማረው አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1931 ፓሪስ ውስጥ ሽቦ እያጣመመ ትንሽ ሰርከስ ሠርቷል፤ ኋላም ምንም የማይመስሉ፣ ቀለም የተቀቡ፣ በነፋስ የሚንቀሳቀሱ ቅርጾች ሰቅሏል። በደቡብ አፍሪካ ደርባን አካባቢም ዙሉዎች በፕላስቲክ የተለበጠ የስልክ ሽቦ ሰፍተው፣ ሰፌድ የመሰለ ዕቃ እየሸጡ ይተዳደሩበታል።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ሽቦው ከተጣለ ይለቀም እንጂ ከምሰሶ አይቆረጥ። ጫፉም የሕፃን ዓይን እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

አጥር ተደግፈው ሲውሉ «ዱርዬ» ያልናቸውን ልጆች፣ እጃቸውን ሲያፍታቱ ደግሞ «ቆሻሻ ሰበሰቡ» ካልናቸው ምን ይሁኑ? ቅርጹ ባለበት ይቆይ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት