ዕርቅና የመድን መብት
ዕርቅ የሀገራችን መልካም ልማድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ማናቸውም ሰው መኪናው በሌላ ሰው ጥፋት በተሰበረበት ጊዜ፥ መድን ሰጪውን ሳያማክር በሽማግሌ ፊት «ካሣዬን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም፥ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ683ኛው አንቀጽ፥ ካሣ የከፈለ መድን ሰጪ በከፈለው ልክ በተጎጂው እግር ተተክቶ ጉዳት አድራሹን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ባለመድኑ በሥራው ይህን መንገድ የዘጋ እንደ ሆነ ግን፥ መድን ሰጪው ከመክፈል በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ ሊሆን ይችላል። ይህም ጥፋተኛው በሌላው ገንዘብ ከዕዳው እንዳያመልጥ፥ ተጎጂውም ለአንድ ጉዳት ሁለት ካሣ እንዳይቀበል ነው። ስለዚህ ለሽምግልና የምትቀመጡ ካህናትና ሹማምንት ሆይ፥ ቂሙን አስቀርታችሁ ሰዎቹን አስታርቁ፤ የካሣውን ውል ከማስፈረማችሁ በፊት ግን መድን መኖሩን ጠይቁ።