የምወልድበትን ቦታ የሚወስነው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ጤና ጣቢያ ነው። ምጡ ሲጠናብኝ «ማርያም! ማርያም!» ብዬ ብጮህ አዋላጇ «ስታረግዢ መች ጮህሽ?» አለችኝ። እናቴንም በር ላይ አስቀሯት። ከወለድኩ በኋላ ብዙ ደም ፈሶኝ በመርፌና በግሉኮስ ነው የቆመልኝ። አሁን እናቴ ቤት፣ በሰፈራችን የልምድ አዋላጅ እጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን «ተሸክሜም ቢሆን ጤና ጣቢያ እወስድሻለሁ» ይላል። አማቴም ከሱ ጋር ናቸው። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የምታምጪው አንቺ ነሽ፤ ወሳኟም አንቺ ነሽ። ሴት ልጅ እንደ ጆንያ ተሸክመው የሚያደርሷት ዕቃ አይደለችም። የተሰደብኩበት ቦታ አልመለስም ማለትሽም ቅብጠት አይደለም።

ሆኖም እውነቱን ከደበቅሁሽ አላከበርኩሽም። በደብዳቤሽ መሐል እንደ ቀላል ነገር ያለፍሽው አለ፤ ደሙን። አንድ ጊዜ ስትወልድ ብዙ የደማች ሴት በሚቀጥለውም የመድማት ዕድሏ ከሌላው ሰው ይበልጣል። የልምድ አዋላጇ እጃቸው የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ማህፀን የሚያኮማትረው መርፌና ለችግር ጊዜ የሚሰጥ ደም ግን ቤታቸው የለም። እንዲህ ያለው መድማት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገድላል፤ አምቡላንስ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ ምርጫው ያንቺ ቢሆንም ቤት ውለጂ ብዬ አልመክርሽም።

ታዲያ እየተሰደብሽ ውለጂ ማለቴ ነው? በፍጹም! የሸሸሽው ስድቡን እንጂ መርፌውን አይደለም። ሁለቱን ለያቸው።

1ኛ. ነገ ዛሬ ሳትዪ ምርመራ ሂጂ። ያለፈውን መድማት ንገሪያቸው፣ ካርድሽ ላይ ይጻፍ። ደም ማነስ እንዳለብሽም ይታይልሽ።

2ኛ. የግድ እዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሺ ያለሽ የለም። ላንቺ ደም መስጠት የሚችል ሆስፒታል ይሻላል። ሩቅ ከሆነ የእናቶች ማቆያ ያላቸውን አጠያይቂ፤ ቀንሽ ሲቃረብ እዚያ ትሰነብቻለሽ። ቡና የሚፈላባቸው፣ ገንፎ የሚገነፋባቸውም አሉ።

3ኛ. እናትሽ አብረውሽ እንዲገቡ ከአሁኑ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የምታምጥ ሴት የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆንና በሚመቻት አኳኋን እንድትወልድ መክሯል። ስለዚህ መጠየቅሽ ድፍረት አይደለም።

4ኛ. ባለቤትሽ ጉልበቱን ለመሸከም ሳይሆን መኪና፣ ገንዘብና ደም የሚለግስ ሰው ለማዘጋጀት ያውለው። «ምን ሆነሽ ነው የፈራሽው?» ብሎ ቢጠይቅሽ ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ።

ለአዋላጅ እህቶቼም አንድ ቃል አለኝ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተከናወነው 5 ያህሉ ብቻ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። የቀሩትን ያስቀረው መንገድ ብቻ አይምሰላችሁ። አንዷን የሰደባችኋት ስድብ ቡና ላይ ይወራል፤ አሥር ጎረቤቶቿንም ቤት ያስቀራል።

እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ገንፎው ሲደርስ ጻፊልኝ።