የትንሹ አይሮፕላን የሞተር ጓዳ ከነዳጅ ስለ መጠበቁ

ነፋስ ከሚጥለው ቤት ይልቅ በጓዳ በኩል ተሠውራ የምትንጠባጠብ ውሃ የምትጥለው ይበዛል። ነፋሱን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ጠብታይቱን ግን ግድግዳው እስኪላሽቅ ድረስ ልብ የሚላት የለም። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ዓምዳችን የምንናገረው እንዲህ ስላለች ጠብታ ነው፤ ነገሩ የደረሰው ግን በቤት ላይ ሳይሆን ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር በሚሠሩት በትንሹ አይሮፕላን ላይ ነው።

በአሜሪካ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳችንን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፣ የ14 ዓመት ልጁ ብዙ ወራት ደክሞ የሠራውን ባለ ሞተር አይሮፕላን አሳየን። እንጨቱ ባልሳ የሚባለው፣ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው እጅግ ቀላል እንጨት ነው። ክንፉ የቀና፣ ቀለሙም ያማረ ነበረ፤ ብዙ ጊዜም በደኅና በርሯል። እኛ ባለንበት ቀን ግን ሞተሩ በተነሣ ጊዜ የፊት ግድግዳው ከነሞተሩ ተገንጥሎ ወደቀ። ልጁ እንባ ተናነቀው፤ አባቱም ጥፋቱ የሙጫው ነው አለ። ነገር ግን እንጨቱን በጣታችን ብንጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሆኖ ዘይት አወጣ። ሙጫው ያለ ጥፋቱ ተከሶ ኖሯል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ነዳጅ እንደ መኪና ቤንዚን አይደለም። የሚበዛው ሜታኖል የሚባለው አልኮል ሲሆን፣ ጥቂት ናይትሮሜቴን፣ ከመቶውም 20 እጅ የሚያህል የጉሎ ዘይት ወይም በፋብሪካ የተሠራ ዘይት ይጨመርበታል። ቀድሞ ሞተሮቹ በቤንዚንና በባትሪ ብልጭታ ይሠሩ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ሬይ አርደን የተባለው አሜሪካዊ የፕላቲኒየም ሽቦ ያለበትን ካንዴላ ለገበያ አቀረበ፤ ሽቦው አንድ ጊዜ በባትሪ ከጋለ በኋላ በሜታኖሉ ኃይል እየጋለ ይኖራል። በዚህም አይሮፕላኑ ባትሪ ተሸክሞ ከመብረር ዳነ። ነገር ግን አዲሱ ነዳጅ የቀድሞውን ቀለም የሚያለሰልስ ሆነ።

ዘይቱም አብዛኛው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ በሞተሩም ጓዳ ውስጥ ይረጫል። ባልተሸፈነው እንጨት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሠርጋል፤ እንጨቱም ይከብዳል፣ ይደክማልም። ምጣድ በጉሎ ሲታሰስ እንጀራው እንደማይጣበቅ ሁሉ፣ ዘይት የጠጣ እንጨትም ሙጫን አይቀበልም። ስለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ መሸፈን ነው።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ከመታሰሩ በፊት ነው። ሞተሩን በቦታው ለክቶ የብሎኖቹንና የነዳጅ ቱቦዎቹን ቀዳዳ ሁሉ በስቶ መጨረስ፣ ከዚያም ሞተሩን ማንሣት ይገባል፤ ከተቀባ በኋላ የሚበሳ ቀዳዳ ለዘይቱ አዲስ በር ይሆናልና። ቀጥሎ እንጨቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ትቢያውን መጥረግ ነው።

ለመቀቢያ የሚሆነው ኤፖክሲ የሚባለው፣ ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚደርቅ ሙጫ ነው። በ5 ደቂቃ ከሚደርቀው ይልቅ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቆየው ይመረጣል፤ ወደ እንጨቱ ለመግባት ጊዜ ያገኛልና። ልኩ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ በግምት የተደባለቀ ሳይደርቅ ይቀራል። በቡርሽ በስሱ ይቀባ፤ ይልቁንም እንጨቱ የተቆረጠበት ጫፍ ዘይትን እንደ ኩራዝ ክር ይስባልና በደንብ ይጥገብ። በየቀዳዳው ውስጥ በቀጭን ስንጥር ይግባ። የነዳጁ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍልና የክዳኑም ጠርዝ አይዘንጉ። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በወረቀቱ ጥቂት አሽቶ ዳግመኛ መቀባት ነው፤ ከዚህ በላይ ማብዛት አይሮፕላኑን ያከብደዋል። ቱቦዎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳም በሲሊኮን ይደፈን። ከበረራ በኋላ የተረፈውን ነዳጅ ማውጣት፣ ዘይቱንም በጨርቅ መወልወል መልካም ልማድ ነው። ዘይት አስቀድሞ የገባበት እንጨት ሲሆን የበቆሎ ስታርች ነስንሶ ማሳደር ጥቂቱን ይስበዋል፤ የላሸቀው ግን ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።

ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ብርቱ ነገር እናሳስባለን። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ጥቂቱን እንኳ የጠጣ ሰው ዓይኑ ሊጠፋ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በውሃ ወይም በመጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ፤ ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ሆኖ ተቆልፎበት ይኑር። ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለዓይን አስቸጋሪ ነውና እሳት ባለበት አይቀዳ። ኤፖክሲውም ቆዳን ያስቆጣልና ሥራው በጓንት፣ መስኮትም ተከፍቶ ይሁን።

ወደ ዘመዳችን ቤት ነገር እንመለስ። አባትየው የላሸቀውን እንጨት ባየ ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ልጄ፣ ቶሎ ይብረር ብዬ ያቻኮልኩህ እኔ ነኝ» አለው። በማግሥቱ የተበላሸውን ቆርጠው አዲስ ግድግዳ ሠሩ፤ ልጁ ሲቀባ አባቱ መብራት ያዘለት። እኛ ወደ አገራችን ስንነሣ ሁለተኛው ቅብ ገና አልደረቀም ነበረ፤ አባትየውም አላቻኮለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለም። ልጁ የሠራውን ሲያሳየው ክንፉን አይቶ ብቻ የማያመሰግን፣ ጓዳውንም ከፍቶ የሚመለከት አባት ልጁን ከብዙ ኀዘን ያድነዋል።