ቡችላው ከመምጣቱ በፊት

ዓይናለም ላይ የሚከራይ ቤት ስትፈልጉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» ነው። «ውሻም አለን» ካላችሁ ወሬው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ብዙዎቻችን አንናገርም። ዕቃው ከገባ በኋላ ቡችላውን በካርቶን ይዘን እንመጣለን። ከዚያ የአከራያችን ፊት ይለወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ «ወይ ውሻው ወይ ቤቱ» ይባላል። የሚያለቅሰው ልጃችን ነው።

አከራይን አንውቀስ። ግቢው የጋራ ነው፤ የእሳቸውም ልጆች ይጫወቱበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል።

እናም ሳትከራዩ ተናገሩ። የክትባት ካርዱን አሳዩ። ውሻው ማታ የት እንደሚታሰር፣ ግቢውን ማን እንደሚያጸዳ ተነጋገሩ። ቢነክስ ኃላፊው እናንተ መሆናችሁን አስረዱ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም እንስሳ ላደረሰው ጉዳት የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው።

ከዚያ በጽሑፍ ይስፈር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ስለ ውሻው ሁለት መስመር መጨመር አይከብድም። በፈረንሳይ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አደገኛ ከሚባሉት ውሾች በቀር፣ የቤት እንስሳን የሚከለክል የኪራይ ውል አንቀጽ አይጸናም። እኛ ግን የምንተማመነው በስምምነታችን ነው።

አከራዩ እምቢ ካሉስ? ቢያንስ እምቢታውን የሰማችሁት ልጃችሁ ለቡችላው ስም ሳያወጣለት ነው።