ባቡሩ ባይደርሰንም ትምህርቱ ይድረሰን



ባቡር ፍኖተ ሰላም አልደረሰም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያ ባቡር ከቆመ በኋላ የድሬዳዋው አሮጌ ጋራዥ ከነመሣሪያው የተረፈው ነባር ሠራተኞች እየወለወሉ ስለጠበቁት ነው።

እኛም ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ የድንጋይ ድልድያችንን ቦይ ስንጠርግ ከርመናል። ሲጀመር ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ ሰኔ ላይ ግን አምስት ብቻ ቀረን። እኔም ሁለት ቅዳሜ ቀርቻለሁ። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ድልድዩን ዘሎ የየቤታችን ደጅ ገባ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ ደለሉ ሳይደርቅ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካፋና ዶማ ይዛችሁ ድልድዩ ዘንድ እንድትገኙ እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ