ጥፋቱም ምስጋናውም የማጫወቻው አይደለም

ቤታቸው ውስጥ ደህና የሙዚቃ መሣሪያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። የሲዲ ማጫወቻ ከኮምፒውተር፣ ከስልክ ወይም ከኢንተርኔት ከሚመጣ ሙዚቃ የበለጠ «ሙቀት» እና «ሕይወት» አለው ይባላል። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ሲዲ ጊዜው አልፎበታል፣ 24 ቢት የሆነው አዲሱ ፋይል በብዙ ይበልጠዋል ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት አንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ የድምፁን ጥራት የሚወስነው ሙዚቃውን የሚያነበው ዕቃ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ገንዘብ ማስባከኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ የባሰው ጉዳቱ ጆሮ በእርግጥ የሚሰማውን ልዩነት ምክንያት መሸፈኑ ነው። ዘፈኑ ለኅትመት ሲዘጋጅ የተሠራበትን በደል ማንም ሳይጠይቅ፣ ተወቃሹም ተመስጋኙም ማጫወቻው ይሆናል።

ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ ከመጀመሪያውም የቁጥር መዝገብ ነው። ለግራውም ለቀኙም ቻናል በየሰከንዱ 44,100 ናሙና ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ይጻፋል። ሌዘሩ 1.6 ማይክሮን ብቻ የሚራራቁ መስመሮችን እየተከተለ ሲያነብ መሳሳቱ አይቀርም፤ አቧራም ጭረትም አለ። መሐንዲሶቹ ይህን ስላወቁ ቁጥሮቹን ማረሚያ ጨምረውባቸው በዲስኩ ላይ በታትነው ነው የጻፏቸው። በመስመሩ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ቢጫር እንኳ የጠፋው ሁሉ አንድም ሳይጎድል ተመልሶ ይገኛል። የተነበበው ቁጥር ወዲያው ወደ ድምፅ አይለወጥም፤ በመሣሪያው ማኅደር ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በኳርትዝ ሰዓት እየተመጠነ ይወጣል። ስለዚህ ዲስኩ ሲሽከረከር የሚያሳየው መንቀጥቀጥ ከድምፁ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጆሮ አይደርስም።

ይህ የወረቀት ላይ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሲዲን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሰዎች አኪዩሬት ሪፕ በሚባል የጋራ መዝገብ ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙ ከተገለበጠው ዘፈን አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ያወጣና ያንኑ ኅትመት ሌሎች ሰዎች ሲገለብጡ ካገኙት ጋር ያስተያያል። የተለያየ ሀገር ያሉ፣ የተለያየ ፋብሪካ ያመረተው ማንበቢያ ያላቸው፣ አንዱ ርካሽ ሌላው ውድ ዕቃ የገዛ ሰዎች በየጊዜው እዚያው ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። ከሚሊዮኖቹ ናሙናዎች አንዱ እንኳ ቢለወጥ የማረጋገጫው ቁጥር ይለወጥ ነበር። ፍላክ በሚባለው ዓይነት የተቀመጠ ፋይልም ሲከፈት እነዚያኑ ቁጥሮች ይመልሳል። ታዲያ ሙቀቱና ሕይወቱ ከየት መጣ? በሁለቱም በኩል ለዳክ፣ ማለትም ቁጥሩን ወደ ሞገድ ለሚለውጠው ክፍል፣ የሚቀርበው አንድ ነገር ነውና።

የ24 ቢት ወገንም ከዚህ አይተርፍም። ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው የኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከሲዲ የላቀ ጥራት አላቸው የሚባሉ ዲስኮችን አጫወቱ፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ሲዲ ደረጃ ዝቅ አድርገው። አድማጮቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ 554 ጊዜ እንዲለዩ ተጠየቁ። በትክክል የለዩት 276 ጊዜ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪው ጆሹዋ ራይስ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ያገኘው መጠነኛ ልዩነት አለ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እውነት ነው፣ በእሱ ስሌት አድማጮች በትክክል የለዩት 52.3 በመቶ ያህሉን ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን በትኩረት ሲያዳምጡ ከመቶ 52 ጊዜ ብቻ የሚለይ ነገር፣ ሰው ከሌላ ክፍል ሆኖ እንኳ ይሰማኛል የሚለው ያ ትልቅ ልዩነት ሊሆን አይችልም።

«እኔ ግን ሰማሁት» የሚል ሰው ይኖራል። አልዋሸም፤ ብዙ ጊዜ በእርግጥ ሰምቷል። ጥያቄው ምን ሰማ የሚለው ነው። የሲዲ ማጫወቻ ሙሉ ድምፅ ላይ የሚያወጣው ቮልቴጅ እንደ ልማድ 2 ቮልት አካባቢ ነው። የዚህን ግማሽ የሚያወጣ ስልክ ከአንዱ አምፕሊፋየር ጋር ቢያያዝ፣ ማስተካከያው ሳይነካ 6 ዲሲቤል ዝቅ ይላል። ይህን ያህሉን ማንም ያውቀዋል። አደገኛው ትንሹ ልዩነት ነው፤ ግማሽ ዲሲቤል ያህል ከፍ ያለውን ጆሮ «ጮኸ» አይለውም፣ «ጠራ፣ ሞላ፣ ቀረበኝ» ይለዋል። ለዚህ ነው የሚታመን ንጽጽር የ1,000 ኸርዝ ድምፅ አጫውቶ በስፒከሩ መግቢያ ላይ ያለውን ቮልት በሜትር ለክቶ ሁለቱን በማስተካከል የሚጀምረው። ይህን ሳያደርግ ሁለት ዕቃ አሰልፎ «ልዩነቱን ስማ» የሚል ሻጭ ገዢውን እየበደለ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለን ዘፈን በብሉቱዝ ልኮ ከሲዲ ጋር የሚያወዳድርም እንዲሁ ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ የዩቲዩቡ የዚያን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ብሉቱዙ ደግሞ በበኩሉ እንደገና ይጨምቀዋል። ይህ መረጃውን የመጨመቅ ልዩነት ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ ከፋይል ይበልጣል ለሚለው ማስረጃ አይሆንም።

እውነተኛው ልዩነት ያለበትን ትቶ መሣሪያ ለመሣሪያ ማማረጥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም እንይ። ሲዲው ለመጮህ ሲባል ድምፁ ከላይ እስኪቆረጥ ድረስ ተጨምቆ ወጣ። የዚያው አልበም ዘፈኖች ለ«ጊታር ሂሮ» የኮምፒውተር ጨዋታ በወጡበት ቅጂ ግን ከበሮው ይመታል፣ ጸጥታው ጸጥታ ነው። አድማጮች አወዳደሩት፤ በሺህ የሚቆጠሩም አልበሙ እንደገና እንዲዘጋጅ በፊርማ ጠየቁ። ዘፋኙ ያው፣ ቀረጻው ያው፣ ልዩነቱ ግን በማንኛውም ርካሽ ማጫወቻ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣ ሲዲ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ «ሪማስተር»፣ ማለትም እንደገና የተዘጋጀ፣ ተብሎ ከቀረበው ተሽሎ የሚሰማውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ግን ማጫወቻውን ያመሰግናል።

በኛ ሙዚቃ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። የአምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ዘፈኖች መጀመሪያ በሸክላ ወጡ፤ ዛሬ አንዱ ዘፈን በብዙ መልክ ይዞራል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ ውስጥ ከማብራሪያ መጽሔት ጋር የሚገኝ አለ፤ ከካሴት ካሴት ተገልብጦ በመጨረሻ ፍላሽ ላይ ያረፈም አለ። የካሴት ማጫወቻው ፍጥነት 3 በመቶ ቢጨምር፣ ዘፈኑ በፒያኖ ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤት ቁልፎችን ርቀት ግማሽ ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል፣ ምቱ ይቸኩላል። የካሴቱን ፍሽሽታ ለማጥፋት የተጨመረው ማጣሪያ ደግሞ የሳክስፎኑን ትንፋሽና የሲምባሉን ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ይህን ፋይል በስንት ሺህ ብር ማጫወቻ ቢያጫውቱት የጠፋው አይመለስም። ያም ሆኖ ሰው «ዲጂታል ድምፅ ሕይወት የለውም» ይላል።

ሲዲን የሚከላከሉ ሰዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ዲስኩ የተወሰነ ኅትመትን ይዞ ይቆያል። የስትሪሚንግ አገልግሎት አንድን ቅጂ ሳይናገር በሌላ ሊተካ፣ የፈቃድ ውል ሲያበቃም ሊያነሳው ይችላል፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ሲዲ ግን በማንም ውሳኔ አይለወጥም፣ የተጫዋቾቹም ስም አብሮት አለ። ሲዲን ለመግዛትና ለመጠበቅ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ውድ የሲዲ ማጫወቻ ለመግዛት ግን ምክንያት አይሆንም። ያ ገንዘብ ለስፒከርና ለሳሎኑ ቢውል ውጤቱ ወዲያው ይሰማል። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን 43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው። ስፒከሩን ከቡፌው ጥግ ማውጣትና ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ ማንኛውም ዳክ የማይሰጠውን ለውጥ ያመጣል፤ ምንጣፉ የሴራሚኩን ማስተጋባት ያለዝባል፣ ስፒከሩ ከጥግ ሲወጣ ቤዙ ይረጋል።

የቆየ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በፋይልም በሲዲም የሚያወጡ አሳታሚዎች ከየትኛው ቴፕ ወይም ሸክላ እንደተወሰደ፣ ማን እንዳዘጋጀውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ መጻፍ አለባቸው፤ ገዢም ይህን መጠየቅ አለበት። ምንጩ ካሴት ከሆነ ካሴት ነው ይባል። ይህን ሁሉ ለመጻፍ በአልበሙ መግለጫ ላይ ከሁለት መስመር በላይ አያስፈልግም።